«ሜዲካሊ ኔሰሳሪ» ምንድን ነው? ሐኪሙ «ያስፈልጋታል» ማለቱ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ሦስት እናቶች ያንኑ ወሬ ይዘውልኝ መጡ። አንድ ሰው በድምፅ መልእክት «ስቴቱ ሕግ አውጥቷል፤ ሐኪሙ ያስፈልጋታል ብሎ ከጻፈላችሁ ኢንሹራንስ ሁሉ ብሬሱን (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦውን) የመክፈል ግዴታ አለበት» ብሏል አሉ። ሰውየው በጣም እርግጠኛ ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ኦርቶዶንቲስት (የጥርስ አሰላለፍ የሚያስተካክል ሐኪም) ቢሮ ተቀምጬ ይህንኑ ወረቀት ለኢንሹራንስ እየላክኩ ነው የምውለው። እንዲህ ቀላል ቢሆንማ የእኔም ሥራ ባላስፈለገ ነበር።

ማትሪክን አስቡት። አስተማሪው «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» ብሎ ስለመሰከረለት ዩኒቨርሲቲ የገባ አለ? የሚያስገባው ነጥቡ ነው። ነጥቡም ብቻውን ሳይሆን ከመቁረጫው ጋር ተያይቶ። ኢንሹራንሱ ብሬስ ለመክፈል የሚጠይቀው «ሜዲካሊ ኔሰሳሪ» (ለጤና የግድ የሚያስፈልግ) የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። የኛ ሐኪም ፈታኝ ነው እንጂ መቁረጫውን የሚያወጣው እሱ አይደለም። የሚያወጣው ስቴቱ ነው።

በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) የሚጠቀምበት ፈተና ኤች ኤል ዲ ይባላል። ድሬከር የሚባል ሰው በ1960 ያቀረበው መለኪያ ነው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች እንበል። ጥርሷን ትገጥማለች፣ ሐኪሙ ትንሿን ማስመሪያ ያስጠጋል። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው 6 ሚሊሜትር ወደ ፊት ወጥቷል፤ 6 ነጥብ። ታችኛውን 4 ሚሊሜትር ሸፍኖታል፤ 4 ነጥብ። የታች የፊት ጥርሶቿ ቦታ አጥተው ተጨናንቀዋል፤ 5 ነጥብ። ከመስመር ወጣ ገባ ላሉት 3። ድምሩ 18። (ልጆች ሲፈሩ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይገፋሉ። ጥርሱ በደንብ ሳይገጥም የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም።) እንግዲህ ይሄ ፈተና የተገላቢጦሽ ነው፤ የባሰበት ነው የሚያልፈው።

የሜሪላንድ መቁረጫ 15 ነው። ልጅቷ አለፈች። የካሊፎርኒያ 26 ነው። እዚያ ብትሆን ወድቃለች። ያው አፍ፣ ያው ጥርስ። ቅጾቹ ከስቴት ስቴት ትንሽ ይለያያሉ፤ ቁጥሩን እንዳለ ማወዳደር የማይወዱ ሐኪሞችም አሉ፣ ልክ ናቸው። ግን አገር ቤት ለታዳጊ ክልሎች ይወጣ የነበረውን ዝቅ ያለ መቁረጫ የሚያስታውስ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሳይፈተኑ የሚያልፉም አሉ። ካሊፎርኒያ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደን ልጅ ነጥብ አትጠይቀውም። የላይኛው ጥርሱ ከ9 ሚሊሜትር በላይ የወጣውን፣ የታች ጥርሱ ላንቃውን እየወጋ ያቆሰለውንም እንደዚሁ።

እንግዲህ ስቴት ሕጉን ወይም ደንቡን ለወጠ ሲባል መጠየቅ ያለበት «መቁረጫው ስንት ሆነ? ሳይፈተን የሚያልፈውስ ማን ነው?» ተብሎ ነው። ማሳቹሴትስ 28 የነበረውን ወደ 22 ስታወርደው የማንም ልጅ ጥርስ አልተቀየረም። በሩ ነው የሰፋው።

የማትሪኩ ምሳሌ የማይሠራበት ቦታም አለ። ማትሪክ ላይ በአንድ ነጥብ ወደቅህ፣ አለቀ። ሜዲኬይድ ላይ ግን ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ የፌዴራሉ ሕግ ጉዳዩ በግሉ እንዲታይለት ያዛል። ማኘክ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተበላሸ ይህ በማስረጃ ተጽፎ ይቀርባል። ውድቅ ቢደረግም ይግባኝ አለ፤ ቀነ ገደቡ የተላከላችሁ ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ደብዳቤውን አትጣሉት። የተቦረቦረ ጥርስ ካለም ቀድማችሁ አስሞሉ፤ በተበላሸ ጥርስ ላይ ብሬስ የሚለጥፍ ሐኪም አይገኝም።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። «ኢንሹራንስ ሁሉ» ያለው ነገር ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የስቴት ሕግ ሁሉም ጋ አይደርስም። ሜሪላንድ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ለተወለደ ሰው የኦርቶዶንቲስቱንም ወጪ እንዲሸፍን የሚያዝ ሕግ አለ። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን በ1974 የወጣው ኤሪሳ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። አሠሪው የሠራተኛውን ሕክምና ከራሱ ኪስ የሚከፍል ከሆነ የስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ እንዳይነካው ያደርጋል። በአሠሪ በኩል ኢንሹራንስ ካለው ሠራተኛ ከግማሽ በላዩ እንዲህ ባለ ፕላን ውስጥ ነው፤ ትልልቅ አሠሪዎች ጋማ የተለመደ ነው። ካርዱ ላይ የትልቅ ኢንሹራንስ ስም ስላለ አትሸወዱ። ያ ኩባንያ ወረቀቱን ነው የሚያስተናግደው፣ ገንዘቡ የአሠሪው ነው። ይህን ቀዳዳ ሊደፍን የተረቀቀ የፌዴራል ሕግ በ2022 የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

በኦባማኬር ገበያ (ሰው ኢንሹራንስ በግሉ በሚገዛበት) የሚገዛው የልጆች የጥርስ ሽፋንም ለውበት ተብሎ የሚሠራን ብሬስ አይጨምርም። እዚያም ያው «ሜዲካሊ ኔሰሳሪ» የሚለው ቃል በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ በሥራ በኩል ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ኤችአር (የመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ አስተዳደር) ጋ ደውሉ። «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰልፍ ፈንድድ አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚከፍልበት ነው፤ ፉሊ ኢንሹርድ ደግሞ ኢንሹራንስ ኩባንያው የሚከፍልበት። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። «አጣርተህ በኢሜይል መልስልኝ» በሉትና መልሱን ይዛችሁልኝ ኑ።