«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፦ አባባሏ፣ መሬቱና ደሴ

ደሴ ላይ የመሬት ወሬ ከተነሳ ይህች አባባል አትቀርም። ሸዋ በር ሻይ እየተጠጣም ሆነ ፒያሳ ታክሲ እየተጠበቀ አንዱ ጣል ያደርጋታል። የሰማው ራሱን ይነቀንቃል፤ ወሬውም እዚያው ላይ ይዘጋል። እኔን የሚከነክነኝ እዚያ ላይ መዘጋቱ ነው።

ትርጉሟ ግልጽ ነው። ወንበር ላይ ሳለ ያልተጠቀመ ሰው ከወረደ በኋላ ይጸጸታል ነው የምትለው። ዛሬ አንዱ ሌብነትን ሊያመካኝባት፣ ሌላው ሊማረርባት ይጠቅሳታል። የበቀለችበት ዘመን ግን ሌላ ነው። ያኔ ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም። የሚሰጠው ጉልት ነው፤ ማለትም ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመሰብሰብ መብት። መሬቱን የሚያርሰው ባለርስት እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱን ለሹሙ ያቀርባል። «ጉልት በላ» ሲባልም ሰረቀ ማለት አልነበረም፤ መተዳደሪያው ነውና። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ተቀምጠው በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ሲያበሉ፣ እህሉም ሰንጋውም የሚመጣው በዚሁ ሥርዓት ነበር። ሹመት ደግሞ ዋስትና የለውም። የተሻረ ሰው ጉልቱ ለሌላ ይሰጥበታል፤ እሱ ባዶ እጁን ይቀራል። ቁጭቱ እውነተኛ ነበር።

ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ፈረሰ። በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። አባባሏ ግን አልሞተችም። መሬት ከባላባት እጅ ወጥቶ አንድ ሰው ፊርማ ሥር ከገባ፣ ጉልቱ ያ ፊርማ ሆነ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሹሙን መምከር አይመስለኝም፤ ፊርማውን መበተን ነው። ሕጋችንም በወረቀት ደረጃ ያደረገው ይህንኑ ነው። የመሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልል ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ፕላኑን ባለሙያ ያዘጋጃል፣ ነዋሪው ይወያይበታል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው ዋና ፕላን፣ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ቦታ በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በምደባ ይተላለፋል ይላል። ምደባው ላይ የሚወስነው አንድ ኃላፊ ብቻውን ሳይሆን ካቢኔ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ሌላ፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የሚሰማው ቦርድ ሌላ።

ይህ ነገር ደሴ ላይ ለምን እንደሚያንገበግብ ከተማዋን ያየ ያውቃል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ሜዳ ብርቅ ነው። ተዳፋቱ ላይ ቤት ከቤት ተደጋግፎ ነው የቆመው፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባ ተዳፋት ለጌጥ አይደለም የተቀባው። ያንን አረንጓዴ አንድ ሹም በደብዳቤ ሸንሽኖ ቢሰጥ፣ ዝናቡ የሚያወርደው አፈር ከታች ያለችው እናት ጓሮ ነው የሚገባው። ምክር ቤት ያጸደቀውን ምክር ቤት ብቻ ይለውጠው የሚባለው ለዚህ ነው። ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ካርታው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰው ተሰልፎ በጣቱ ቤቱን ይፈልጋል፤ መንገዱ በሳሎኔ ነው የሚያልፈው ወይስ በአጥሬ ይላል። በእኔ እምነት ከሂደቱ ሁሉ ትልቁ ሰዓት ያ ነው። ያን ቀን የቀረ ሰው በኋላ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ይተርፈዋል።

መበተኑም ዕዳ አለው፣ አልክድም። «ይሄ እኛን አይመለከትም፣ እነሱ ጋ ሂድ» የሚባልበት ሰበብ ይሆናል። አምስት ቢሮ ያለ ቀነ ገደብ ማለት አምስት ደጅ ጥናት ማለት ነው። ስለዚህ የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። ወረቀት ከሌለ ለይግባኝ ምን ይዞ ይሄዳል?

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ክፍፍሉ መልኩን ይለውጣል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚተዳደረው በከተማው ሳይሆን በፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። የፓርኩ አጥር ውስጥ ስላለው ሼድ የከተማውን ምክር ቤት አባል ማፋጠጥ ትርፉ ድካም ነው። ከአጥሩ ውጭ ስላለው መንገድና ስለ ሠራተኛው መኖሪያ ሰፈር ግን ጥያቄው በቀጥታ የምክር ቤቱ ነው። ሊጠየቅም ይገባል።