በሩ ሲቆለፍ መንገድ ላይ

ወገኖች፣ "ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ" የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። አዎ፣ እንገዛለን። ግን እስከ የት? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ትዝ የሚሉኝ ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1670 እንግሊዝ ውስጥ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጪ ከአምስት ሰው በላይ ሆኖ ማምለክ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ኩዌከሮች ደግሞ ጦር የማያነሡ ሰዎች ናቸው፤ ዝም ብለው ተቀምጠው ጌታን ይጠብቃሉ፣ መንፈስ ያነሣሣው ተነሥቶ ይናገራል፣ በቃ። አንድ እሑድ ለንደን ግሬስቸርች ጎዳና ወዳለው የጸሎት ቤታቸው ሲመጡ ወታደሮች በሩን ዘግተው ጠበቋቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የ25 ዓመቱ ዊልያም ፔን፣ እዚያው መንገዱ ላይ ቆሞ መስበክ ጀመረ። ከዊልያም ሚድ ጋር ተይዞ ሁከት ቀስቅሳችኋል ተብለው ተከሰሱ።

በዚያ ዘመን ኩዌከር ለሰው ክብር ብሎ ባርኔጣ አያወልቅም ነበር። ችሎት ሲገቡ አንዱ ሹም ባርኔጣቸውን አወለቀላቸው። መልሳችሁ አድርጉላቸው ተባለ፤ ከዚያ "ለምን አላወለቃችሁም" ተብለው በገንዘብ ተቀጡ!

ጁሪ ሆነው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው እንዲፈርዱ የተቀመጡት 12 ተራ ሰዎች ግን ፔን መንገድ ላይ ተናግሯል፣ ሌላ ጥፋት አላየንም አሉ። ቃላችሁን ቀይሩ ተብለው ተቆለፈባቸው። ሁለት ሌሊት ምግብ የለ፣ ውሃ የለ፣ እሳት የለ፣ መሽኛ ዕቃ እንኳ ተከለከሉ። በመጨረሻ ወጥተው "ጥፋተኛ አይደሉም" አሉ። እነሱም ተቀጡ፤ ኤድዋርድ ቡሼልና ጥቂቶች አንከፍልም ብለው እስር ቤት ቆዩ፣ በኋላ ዋናው ዳኛ ጆን ቮን ጁሪ በሰጠው ፍርድ አይቀጣም ብሎ እስኪወስን ድረስ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ችሎት ላይ የተቀመጠው የለንደን ከንቲባ ሥልጣኑ የውሸት አልነበረም። ቀረጥ ቢጠይቅ፣ ሌባ ቢያስር መብቱ ነው። በርም መቆለፍ ይችላል። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበት ቦታ ግን ለእሱ አልተሰጠም፤ ጴጥሮስ "ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል" ያለው እዚህ ጋ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ አሳዳጆቹም ክርስቲያኖች መሆናቸው ነው፤ ሽማግሌም እንሁን ፓስተር፣ ወይም ቤታችን ውስጥ አባት፣ የሌላውን ኅሊና ለመቆለፍ እጃችን ሲዘረጋ ይህን እናስብ።

በ1682 ብሪስቶል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ትልልቆቹ ኩዌከሮች ሁሉም ማለት ይቻላል ታሰሩ። እሑድ ሲደርስ ልጆቻቸው ብቻቸውን መጥተው በዝምታ ተቀመጡ። ተገረፉ። በሚቀጥለውም እሑድ መጡ።