የወላድ ደም ማነስ ምንድን ነው?

«ደም ማነስ» ስሙ ራሱ ያሳስታል። ብዙ ሰው ደሙ መጠኑ የጎደለ ይመስለዋል፤ ከደም ግፊት መውረድ ጋር የሚያምታታውም አለ። የነፍሰ ጡር ደም ግን ይጨምራል እንጂ አይጎድልም። ውሃማው ክፍል፣ ፕላዝማ የሚባለው፣ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲያድግ ቀይ የደም ሴሎች የሚጨምሩት ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። ስለዚህ ደሙ ውሃ እንደበዛበት ወጥ ይቀጥናል። እስከዚህ ድረስ ጤና ነው። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ሲወርድ ግን ደም ማነስ ይባላል። ዋናው ምክንያት የአይረን እጥረት ነው፤ አንድ እርግዝና 1 ግራም ያህል አይረን ይፈልጋል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በወሊድ ሰዓት ነው። መውለጃዋ ሲደርስ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም ወደ ማህፀኗ ይጎርፋል። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የደም ስሮቹ ክፍት ይቀራሉ፤ የሚዘጋቸው ማህፀኑ እንደ ቡጢ ሲጨበጥ ነው። አዋላጇ ሕፃኑ እንደወጣ ማህፀን የሚያጨብጠውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲንን፣ የምትወጋትና እምብርቷ አካባቢ እየዳሰሰች ማህፀኑ መጠንከሩን የምታረጋግጠው ለዚህ ነው። ግማሽ ሊትር ደም መፍሰስ ሄሞግሎቢኗ 12 ሆኖ የገባች እናት ትችለው ይሆናል፤ 7 ሆኖ የገባችውን ግን ሊጥላት ይችላል።

«ጤፍ እየበላን እንዴት አይረን ያንሰናል?» የሚሉ አሉ። በጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን ብዙው ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይዞ አይለቀውም። ምግብ ተበልቶ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። የአይረን ኪኒኑን ከቡና አርቆ፣ ከብርቱካን ጋር መውሰድ ይሻላል። ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ይህን አስቀድሞ የነገራት ስለሌለ ብቻ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ የምትተወው እናት ብዙ ናት። ተልባ ለድርቀቱ ይረዳል።

በጣም የሚያሳዝነኝ «አራስ ናት፣ ይደክማታል» ተብሎ የሚታለፈው ነው። ከአልጋ እስከ በር ስትሄድ ትንፋሽ ካጠራት፣ ልቧ ከመታ፣ የታችኛው የዓይኗ ቆብ ዝቅ ሲደረግ ውስጡ ከነጣ፣ አፈር ካማራት ደሟ ይመርመር። የገንፎው ቅቤ አቅም ይሰጣታል፤ አይረን ግን የለውም። ኪኒኑም ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቀጥላል።