ፖላራይዜሽን ምንድን ነው? ከፋፋይ መሪ እያለስ ሥርዓት መንገዱን ይቀይራል?

ፖላራይዜሽን ሲባል ብዙ ሰው የሃሳብ ልዩነት መብዛት ይመስለዋል፣ አይደለም። በታክስ ተስማምተን በትምህርት ፖሊሲ የምንጣላ ከሆነ ፖለቲካችን ጤነኛ ነው። ችግሩ ሁሉም ጥያቄ በአንድ መስመር ሲሰለፍ ነው፣ በአንዱ ጉዳይ ያለህን አቋም ሰምቼ የቀረውን ሁሉ መገመት ስችል፣ ከዛም አልፎ አንተ ስልጣን ከያዝክ እኔ አለቀልኝ ብዬ ማሰብ ስጀምር። ከፋፋይ መሪ የሚኖረው በዚህ ፍርሃት ነው። ደጋፊው ባይወደው እንኳን ሌላውን ወገን ስለሚፈራ አይለቀውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ መሪ ቁጭ ብሎ ሥርዓቱ የምር አቅጣጫ ይቀይራል ወይ? በኔ እይታ ይቀይራል፣ ግን መሪው ልቡ ስለተመለሰ አይደለም። እኛ ንግግሩን ነው የምንከታተለው፣ ዛሬ ለዘብ አለ ዛሬ ከረረ እያልን፣ መታየት ያለበት ግን ድምፅ የሚቆጥረው፣ የሚፈርደውና ጦር የሚያዘው ሰው እምቢ ማለት ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ቺሊን እዩ። አውጉስቶ ፒኖቼ እ.ኤ.አ. በ1973 በመፈንቅለ መንግስት መጣ፣ በ1980 ያስጸደቀው ህገ መንግስት ደግሞ ስልጣኑን ለማራዘም በኋላ ህዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል። በ1985 እዛው ሥርዓት ውስጥ ያለው የህገ መንግስት ፍርድ ቤት ህዝበ ውሳኔው በምርጫ ዳኞች ስር መካሄድ አለበት ብሎ ወሰነ። ትንሽ የህግ ጉዳይ ትመስላለች፣ ለኔ ግን ትልቁ ነገር እሷ ናት፣ ምክንያቱም ህዝቡ ተመዘገበ፣ ተቃዋሚዎች ታዛቢ አስቀመጡ፣ ውጤቱንም በራሳቸው መንገድ ደመሩ። ኦክቶበር 5 ቀን 1988 ወደ 56 በመቶ የሚጠጋው መራጭ ይብቃው አለ። ማታ መንግስት ውጤቱን ሲያዘገይ የአየር ኃይሉ አዛዥና የጁንታው (አገሪቱን የሚገዛው የጦር አዛዦች ቡድን) አባል ፈርናንዶ ማቴይ ወደ ቤተ መንግስት ሲገባ ለጋዜጠኞች ተቃዋሚው እንዳሸነፈ ተናገረ፣ ከዛ በኋላ ውጤቱን መደበቅ አልተቻለም።

ተቃዋሚዎቹ ያደረጉትም ቀላል አልነበረም። ክርስቲያን ዴሞክራቶችና ሶሻሊስቶች፣ ፒኖቼ በገለበጠው በሶሻሊስቱ ፕሬዝዳንት በአየንዴ ዘመን፣ የለየላቸው ባላንጣዎች ነበሩ። አየንዴን አጥብቆ ይቃወም የነበረው ክርስቲያን ዴሞክራቱ ፓትሪሲዮ ኤልዊን ነው በ1990 ከሶሻሊስቶቹ ጋር በአንድ ጥምረት ሆኖ ፕሬዝዳንት የሆነው። የድሮው መስመር የተሰበረው በነሱ በኩል ነው፣ እንጂ ፒኖቼ አንድም ቀን አስታራቂ አልሆነም።

ዋጋ ግን ተከፍሏል። ፒኖቼ እስከ 1998 የምድር ጦር አዛዥ ሆኖ ቆየ፣ ሳይመረጡ የሚሾሙት ሴናተሮችም እስከ 2005ቱ ማሻሻያ ድረስ ሥርዓቱ ውስጥ ነበሩ። የ1980ው ህገ መንግስት ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም በ2022 እና በ2023 ሊተኩት የቀረቡ ሁለት ረቂቆች በህዝብ ድምፅ ወድቀዋል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ያረቀቀው ቀኝ ዘመም ፖለቲከኞች የሚበዙበት ምክር ቤት ነበር።