የአደጋ ማገገሚያ ሶፍትዌሮች አዳዲስ አቅሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአደጋ ማገገሚያ ሶፍትዌር የሚባለው፣ አንድ ዳታ ሴንተር በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በሳይበር ጥቃት ከሥራ ውጭ ሲሆን፣ በሌላ ቦታ የተቀመጠውን ቅጂ በቅደም ተከተል አስነሥቶ አገልግሎቱን የሚያስቀጥል ሥርዓት ነው። እንደ ቪም፣ ቪኤምዌር፣ ማይክሮሶፍት እና አማዞን ያሉ አቅራቢዎች ባለፉት ዓመታት ጠቃሚ አቅሞችን ጨምረውበታል። ይሁን እንጂ እነዚህን አቅሞች ገዝቶ መጫን ብቻውን ለማገገም ዋስትና ይሆናል የሚለው እምነት ያሳስበኛል፤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አመለካከቶች ሁሉ የሚመነጩትም ከዚሁ እምነት ነው።

«ሪፕሊኬሽን ካለ ባክአፕ አያስፈልግም»

ሪፕሊኬሽን በዋናው ሰርቨር ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ቦታ ያስተላልፋል፤ ደጉን ከክፉው አይለይም። ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው ዳታ ወይም ራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) የቆለፈው ፋይል በደቂቃዎች ውስጥ በቅጂውም ላይ ያው ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች ወደ ኋላ መመለሻ ነጥቦችን ያስቀምጣሉ፤ ለምሳሌ የማይክሮሶፍቱ አዙር ሳይት ሪከቨሪ በየ5 ደቂቃው የማገገሚያ ነጥብ ይመዘግባል፤ ነጥቦቹንም እስከ 15 ቀን ድረስ ማቆየት ይችላል። ሆኖም አጥቂዎች ራሳቸውን ከመግለጣቸው በፊት ለሳምንታት በኔትወርክ ውስጥ ተደብቀው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ንጹሕ ዳታ ለማግኘት ለብቻው የተቀመጠ ባክአፕ የግድ ያስፈልጋል።

«ባክአፑ በየቀኑ እየተወሰደ ስለሆነ ችግር የለም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስሕተት መሆኑ የሚታወቀው ባክአፑ በተፈለገበት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ልማት አገልግሎት ውስጥ አንድ መሐንዲስ የሁለተኛውን የዳታቤዝ ሰርቨር ፎልደር ለማጽዳት አስቦ ትእዛዙን በዋናው ሰርቨር ላይ ሰጠ። ወዲያው ቢያቋርጠውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ ዳታ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ቡድኑ ወደ ባክአፑ ሲዞር ማከማቻው ባዶ ሆኖ አገኘው። ባክአፑን የሚያወጣው ፕሮግራም እትሙ 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው ሳይሳካ ይቀር ነበር፤ አለመሳካቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ስለሚደረግ ማንም አላየውም። በመጨረሻ ያዳናቸው ከስሕተቱ 6 ሰዓታት ያህል ቀደም ብሎ ለሙከራ ሥራ ተብሎ የተወሰደ ቅጂ ሲሆን፣ በመካከሉ የገባው የዳታቤዝ መረጃ ጠፍቷል።

ከሁሉም አቅሞች ይልቅ በተገለለ ኔትወርክ ውስጥ የሚካሄደውን አውቶማቲክ ሙከራ የማስበልጠው ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ ዋናውን ሥራ ሳይነካ ቅጂዎቹን ያስነሣል፣ ዳታቤዙ ለጥያቄ መልስ መስጠቱን ይፈትሻል፣ ውጤቱንም በሪፖርት ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው የቪም 12.1 እትም ደግሞ በባክአፑ ውስጥ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) መኖር አለመኖሩን የሚመረምሩ አቅሞችን ጨምሯል። ሙከራው ግን የሚፈትሸው እንዲፈትሽ የታዘዘውን ብቻ ነው፤ የሰርቨሩን መነሣት ብቻ የሚያይ ሙከራ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የትናንቱን ደረሰኝ ከፍታ ማየት መቻሏን አያረጋግጥም።

«የማይሰረዝ ባክአፕ ካለን ራንሰምዌር አያሰጋንም»

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረበው፣ የተቀመጠ ቅጂ እንዳይሰረዝ ለተወሰነ ጊዜ የሚቆልፈው ኦብጀክት ሎክ ሁለት አሠራሮች አሉት። ኮምፕላያንስ በተባለው አሠራር የአካውንቱ ዋና ባለቤት እንኳ የተወሰነው ጊዜ ሳያልቅ ቅጂውን መሰረዝ አይችልም፤ ገቨርናንስ በተባለው ግን ልዩ ፈቃድ ያለው ሰው መቆለፊያውን ማለፍ ይችላል። የትኛው እንደተመረጠ ዛሬውኑ ማጣራት ይገባል። ከዚህም በላይ መቆለፊያው የሚጠብቀው ወደ ባክአፑ የገባውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ማልዌር የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን ሲመታ፣ ኩባንያው የብዙ ሰርቨሮቹ ባክአፕ ነበረው። የተጠቃሚዎችን ማንነትና ፈቃድ የሚያስተዳድሩት ዶሜይን ኮንትሮለሮች ግን አንዱ የሌላው ቅጂ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ስለነበር አብረው ጠፉ፤ የተረፈው ጋና ውስጥ የነበረው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የተረፈውም ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ተለይቶ ስለነበር ነው።

«ክላውድ ላይ ስለሆንን አቅራቢው ይጨነቅበት»

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሰርቨር አገልግሎት) አቅራቢው ኦቪኤች ዳታ ሴንተሮች አንዱ በእሳት ሲወድም፣ ባክአፓቸው በዚያው ቦታ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ደግሞ የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሥርዓት በአቅራቢው የማዋቀር ስሕተት ተሰረዘበት፤ ሥራውን መመለስ የቻለው በሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠው ባክአፕ ስለነበረው ጭምር ነው።

«አርፒኦው የደቂቃ ከሆነ በደቂቃ እንመለሳለን»

አርፒኦ የስንት ጊዜ ዳታ ሊጠፋ እንደሚችል ይለካል፤ አገልግሎቱ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካው አርቲኦ ነው። አሥር ቴራባይት ባክአፕ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ሲወርድ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ ለዚህ ሥራ ብቻ ቢውል እንኳ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ሰርቨሩን በቅርብ ካለ የባክአፕ ማከማቻ ላይ በቀጥታ ማስነሣት የሚያስችለው አቅም ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ወደ ደቂቃዎች ሊያወርደው ይችላል፤ ነገር ግን የማከማቻው ዲስክ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው የሰርቨር ብዛት ውስን ነው። ስለዚህ የትኛው ቀድሞ እንደሚነሣ በማገገሚያ ዕቅዱ ላይ በስም ተጽፎ መቀመጥ አለበት፦ በቅድሚያ የማንነት አስተዳደሩ፣ ቀጥሎ ዳታቤዙ፣ ከዚያም በዳታቤዙ ላይ የሚሠሩት አፕሊኬሽኖች።