ጠንካራ ካርታ ሲደርሰን የምንሳሳተው
ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሁድ ከሰዓት አራት ሆነን ብሪጅ እንጫወታለን። ብሪጅ ሁለት ሁለት አጋሮች የሚፋለሙበት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። ጥሪው ቁጥርና የካርታ ዓይነት ነው (ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት ወይም ስፔድ)፤ ቁጥሩ ከስድስት በላይ ስንት ዙር እንደምናሸንፍ ይናገራል። አቦሉ እስኪደርስ ካርታው ይታደላል። ደካማ ካርታ ሲደርሰን ብዙ አንሳሳትም፤ ፓስ ብለን እናልፋለን። የምንሳሳተው ካርታው ሲያምር ነው። በተለይ ባላጋራ ቀድሞ ጨረታውን ከከፈተ። የካርታ ጥንካሬ አቆጣጠሩ የታወቀ ነው፦ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፣ በጠቅላላው 40 ነጥብ። ከታች በጥቅስ ያሉት የሚያሳስቱን አባባሎች ናቸው።

«2 ክለብ ምንጊዜም የኃይለኛ ካርታ ጥሪ ነው»

ይቺ እኔን ራሴን አስከፍላኛለች። 21 ነጥብና ስድስት ስፔድ ይዣለሁ። በቀኜ ያለው 1 ኸርት ብሎ ከፈተ። እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ 2 ክለብ አልኩ። አጋሬ ፓስ አለ። በእጄ የነበረው ክለብ ሁለት ብቻ ነው! 4 ስፔድ የሚገባበት ጨዋታ እዚያው ቀረ። ጥፋቱ የአጋሬ አልነበረም። 2 ክለብ «22 ነጥብና ከዚያ በላይ አለኝ» የሚለው ጨረታውን ራሳችሁ ስትከፍቱ ነው። ባላጋራ ከከፈተ በኋላ ትርጉሙ «ክለብ አለኝ» ነው፣ አለቀ።

«ጠንካራ ከሆንክ ዝለል»

በ1 ኸርት ላይ፣ 1 ስፔድ ማለት ሲበቃ፣ 2 ስፔድ ብሎ መዝለል ዛሬ በአብዛኛው የሚነግረው ስድስት ስፔድና ጥቂት ነጥብ ነው። ዓላማው የባላጋራን መነጋገሪያ ቦታ ማጣበብ ነው። 18 ነጥብና ጥሩ ስፔድ ያለው ሰው መጀመሪያ ደብል (በባላጋራ ጥሪ ላይ ቅጣቱንም ሽልማቱንም ከፍ የሚያደርግ ጥሪ) ይላል። አጋሩ ሲመልስለት ስፔዱን ይጠራል።

«ደብል ማለት ትወድቃላችሁ ማለት ነው»

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በ1 ኸርት ላይ የሚባለው ደብል ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ «ትወድቃላችሁ»፣ ማለትም «የጠራችሁትን አታሟሉም» ነው። ወርቁ «አጋሬ ሆይ፣ ከቀሩት ሦስቱ የሚሻልህን ንገረኝ» ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ባላጋራ ፓስ ካለ፣ ባዶ እጅ የያዘ አጋርም መመለስ አለበት። «ነጥብ የለኝም» ብሎ ዝም ካለ ባላጋራ በቀላሉ አሸንፎ ይወጣል።

የባላጋራን ዓይነት መጥራትም እንዲሁ ነው። ባላጋራ 1 ኸርት፣ አጋራችሁ 1 ስፔድ ካሉ በኋላ እናንተ 2 ኸርት ስትሉ ሰሙ ኸርት ነው። ወርቁ «ስፔድህን እደግፋለሁ፣ ካርታዬም ጥሩ ነው» ነው። እኔ ከጨረታው ሁሉ ይህን ጥሪ እወደዋለሁ።

«ነጥብ ያው ነጥብ ነው»

የኸርት ንጉሥና አንድ ትንሽ ኸርት ይዛችኋል እንበል። ኸርት የጠራው በቀኛችሁ ከሆነ ከእናንተ በፊት ይጥላል። አሱን ካወጣ ትንሿን ትሰጡታላችሁ፣ ንጉሡ ይተርፋል። በግራችሁ ከሆነ ግን አሱን ይዞ ንጉሡን ከኋላ ይጠብቀዋል። ያው 3 ነጥብ፣ ዋጋው ግን ለየቅል።

«ፓስ የደካማ ነው»

ባላጋራ 1 ኸርት አለ፤ እናንተ አስ፣ ንጉሥ፣ ጃክና ሁለት ሌሎች ኸርቶች ይዛችኋል። ፓስ በሉ። ሌላው ባላጋራም ፓስ ካለ፣ ኸርት ያነሰው አጋራችሁ ብዙ ጊዜ ደብል ይላል። ያኔ እንደገና ፓስ ትላላችሁ፤ እነሱ 1 ኸርትን በደብል ይጫወቱታል። ብቻ የመጀመሪያዋን ፓስ ሳትዘገዩ በሉ። ስኒውን አስቀምጣችሁ፣ ጣሪያ አይታችሁ ፓስ ካላችሁ አጋራችሁ ይነቃል፤ በዚያ ፍንጭ መጠቀም ደግሞ በብሪጅ ሕግ ክልክል ነው።