ስለ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ኮራ» የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

«አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» ከ2005 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የታየ የአሜሪካ የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ነው። ነፋስን፣ እሳትን፣ ውሃንና መሬትን የሚያዝዙ ሰዎች በሚኖሩበት ዓለም አራቱንም መግዛት የሚችለው አቫታሩ ብቻ ነው፤ እሱም የ12 ዓመቱ አንግ ነበር። በ2012 የጀመረው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ኮራ» ታሪኩን 70 ዓመት ወደፊት ወስዶ አንግን የተካችውን ኮራን ያሳየናል። ከቀዳሚው በብዙ ነገር ስለተለየ ሲወቀስ ኖሯል። እኔ ግን ልዩነቱን እወድለታለሁ፤ አብዛኛው ወቀሳም መሠረት የለውም።

«መኪናና ሬዲዮ የቀድሞውን ዓለም አበላሹት»

የወራሪው አገር የእሳት ሕዝብ የብረት መርከቦች በመጀመሪያው ፊልም ገና ከጅምሩ ይታያሉ። ኋላም የባ ሲንግ ሴ ከተማን ግንብ ሊበሳ የመጣው ግዙፍ መሣሪያ፣ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችና የአየር መርከቦች ተከትለዋል። ብረትን ማዘዝን የፈለሰፈችው ቶፍ የዚያው ፊልም ሰው ናት፤ በኮራ ዘመን ፖሊሶቹ በዚህ ጥበብ ይሠራሉ። በአንግ ዘመን መብረቅ መወርወር የጥቂቶች ምስጢር ነበር፤ አሁን የኮራ ጓደኛ ማኮ በኃይል ማመንጫ ውስጥ በመብረቁ የቀን ደመወዝ ያገኝበታል። ዕውቀት ከቤተ መንግሥት ወደ ሠራተኛው እጅ እንዴት እንደሚወርድ በዚህ አንድ ትዕይንት ተነግሯል።

«ኮራ ሁሉን ችላ ስለተወለደች ፈተና የላትም»

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። በሕፃንነቷ ሦስቱን አዘዘች፤ ነፋስ ግን እምቢ አላት። አንግ ከጦርነት መሸሽ የሚወድ መነኩሴ ነበር፤ እሷ ግጥሚያ የምትወድ፣ ትዕግሥት የሚያጥራት ናት። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ በሜርኩሪ ተመርዛ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረች። አራተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ሦስት ዓመት አልፏል፤ ኮራ ግን አሁንም አልዳነችም። ትሸነፋለች፣ ከወዳጆቿ ትደበቃለች፣ የገዛ ራሷ ጥላ በሰንሰለት ታስሮ ያሳድዳታል። የልጆች በሚባል ፊልም የቆሰለ ሰው ሳይቻኮል እንዲያገግም ጊዜ ሲሰጠው ያየሁት ከስንት አንድ ነው።

«አንድ ዋና ጠላት ስለሌለው ታሪኩ የተበታተነ ነው»

የቴሌቪዥን ጣቢያው ኒኬሎዲየን መጀመሪያ ያዘዘው ራሱን የቻለ የ12 ክፍል አጭር ሥራ ነበር፤ ተጨማሪዎቹ ምዕራፎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ፍጻሜ ቸኩሏል፤ ኮራ የተነጠቀችው ችሎታ በደቂቃዎች ውስጥ መመለሱን አልከላከልለትም። ነገር ግን የአራቱ ምዕራፎች ጠላቶች በየተራ፣ አሞን እኩልነትን፣ ኡናላክ መናፍስትን፣ ዛሂር ነፃነትን፣ ኩቪራ ሥርዓትን ይዘው ይነሣሉ። ያረጀችው ቶፍም ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለኮራ ይህንኑ ትነግራታለች፦ ሁሉም በጎ ሐሳብ ነበራቸው፣ ልክ አጡ እንጂ። ማሰሪያው ይህ ነው።

«ከቴሌቪዥን የወረደው ሥራው ስለወደቀ ነው»

የተመልካች ቁጥር መቀነሱ እውነት ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን አንዳንድ ክፍሎቹ አስቀድመው ሾልከው ስለወጡ በ2014 በጥድፊያ፣ ያለ በቂ ማስታወቂያ ነው የተለቀቀው። በዚያው ክረምት ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ፤ ብዙዎች ከአራቱ የላቀ የሚሉትም ይህንኑ ምዕራፍ ነው።

«አንግን መጥፎ አባት አድርጎ አዋረደው»

የአንግ ልጆች ካያና ቡሚ አባታቸው ወንድማቸውን ቴንዚንን ብቻ ይዞ ይጓዝ እንደነበር በቅሬታ ያነሣሉ። ከሦስቱ ልጆች ነፋስን የሚያዝዘው ቴንዚን ብቻ ነበር። ወገኑ በሙሉ ያለቀበት አንግ የአንድ ሕዝብን ዕውቀት የሚያወርሰው ለእሱ ብቻ ነው፤ ለሁለቱ ልጆቹ የሚተርፍ ጊዜ ማነሱ ከመጀመሪያው ፊልም ሐዘን በቀጥታ የመጣ ነው።